መቶ ሃያ ዲግሪ ይሉኝታ

አማቴ ትራክተራቸውን ከአባቴ ትራክተር ፊት አላቆምም ያሉት አክብረውት ነው። አባቴም ከአማቴ ፊት አልቆምም ያለው አክብሯቸው ነው። እኔ ደግሞ ቬሎ ለብሼ፣ እጄን እስከ ክርኔ ሂና ተቀብቼ፣ ዋልካ ጭቃ በያዘው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለቱ ሲከባበሩ አያለሁ። በጠብ የተበላሸ ሰርግ ብዙ ሰምቻለሁ። በመከባበር ሊበላሽ የደረሰ ግን ከእኔ ሰርግ ሌላ አላውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። አባቴ ሱዳን ውስጥ፣ በኢትዮጵያ ድንበር በኩል ባለችው ቁረይሻ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳል። እዚያ ከአራተኛ ክፍል በላይ ትምህርት ስላልነበረ ገዳሪፍ ከተማ አክስቴ ዘንድ ሰደደኝ፤ ያደግኩት እሷ ቤት ነው። ሂሳብን በዓረብኛ ተምሬ፣ አሁን የማኅበረሰባችን ትምህርት ቤት ውስጥ በአማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከሁለቱ ቋንቋ የቀለላቸውን ቃል እያነሱ ስለሚጠይቁኝ፣ ክፍሌ ውስጥ አገር የሌላቸው ሳይንና ኮሳይን ብቻ ናቸው። የካርቱሙ ጦርነት ከመጣ ወዲህ የተፈናቀለው ሁሉ ገዳሪፍ ገባ፤ ለሦስት የተሠራ አግዳሚ ላይ አምስት ልጅ ይቀመጥ ጀመር። ሌላው የሂሳብ አስተማሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ልታገባ ነው ሲባል ተማሪዎቼ እንኳን ደስ አለሽ አላሉኝም፤ ቬክተሩን ማን ይጨርስልናል አሉ እንጂ።

እኔም የምፈራው ይህንኑ ነበር። ሽማግሌዎች እኛ ቤት በመጡ ጊዜ አባቴ አንድ ጥያቄ አስጠይቆልኛል፦ ልጄ ካገባች በኋላ ማስተማሯን ትቀጥላለች ወይ? አማቴ ጢማቸውን ዳበስ አድርገው፣ "እስቲ እንያት" አሉ። እስቲ እንያት ማለት እሺ አይደለም፤ እምቢም አይደለም። ምራታቸው ጨዋ ከሆነች እሺ ይሆናል፤ አፏ ከሰላ እምቢ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ደግሞ በቤቱ ውስጥ ያልተረዳ ሰው አልነበረም። እናቴ የዚያኑ ዕለት አስማለችኝ፤ ከቤቷ ከወጣሁበት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ አማቴ ፊት አንዲት ቃል ከአፌ እንዳትወጣ። በእኔ መሐላ አልተማመነችም መሰለኝ አክስቴን ጠባቂ አድርጋ አጠገቤ አስቀመጠቻት።

በዚያው ሽምግልና ላይ ስለ ትራክተርም ተነሥቶ ነበር። ወንዶች በተሰበሰቡበት እኛ አገር ትራክተር ሳይነሣ አይቀርም። የአማቴ ቀይ ትራክተር ሃያ አራት ዲስክ ያለው ማረሻ ይጎትታል። የአባቴ ሰማያዊ ትራክተር አስራ ስምንት ይጎትታል። አባቴ ግን፣ የእኔዋም ሃያ አራት ናት፤ ስድስቱ ጥገና ላይ ሆነው ነው ብሎ አለፈው። እነዚያ ስድስት ዲስኮች እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁም ጥገና ላይ ነበሩ። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። አማቴም "እንግዲያ ትራክተሮቻችን እኩያ ናቸው" ብለው ጨዋታውን በጨዋ ደንብ ዘጉት።

ሰርጉ የሰኔ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ በመጨረሻው እሑድ ሆነ። በዚያ ወር የገዳሪፍ ሰማይ በየቀኑ ያለቅሳል፤ ዋልካውም ጎማ ሲያይ ይርበዋል። ይህን የሚያውቁት አማቴ ሙሽራ ወሳጆቹን ይዘው፣ ትራክተራቸውን እየነዱ ራሳቸው ቁረይሻ ድረስ መጡ፤ መኪና ቢይዝ ለመጎተት ብለው ነው። አባቴ ደግሞ አጃቢዎቹን በተሳቢ ጭኖ በራሱ ትራክተር ተከተለ። እኔ፣ ሙሽራውና አክስቴ በተከራየነው ቦክሲ፣ ማለትም የኋላው ክፍት በሆነው መኪና፣ መሀል ላይ ነበርን። ቄሱ እስከ ቀትር ገዳሪፍ ቤተ ክርስቲያን ይጠብቁናል። ከዚያ በኋላ ከገዳሪፍ ማዶ ወዳለችው ፋው ከተማ የሚሄዱበት ጉዳይ ነበራቸው፤ ካልደረስን ጾሙ ይገባና ሰርጉ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል።

አስፋልቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንዲት ኾር አለች፤ በበጋ ፍየል የሚሻገራት፣ በክረምት ጎርፍ የሚወርድባት ደረቅ ወንዝ ናት። ዳሯ ላይ አባቴም አልፎን ሄደ፤ ሁለቱ ትራክተሮች ተሻገሩ። የእኛ ሾፌር ግን መሀሉ ላይ ሲደርስ ማርሽ ልቀይር ብሎ ዘገየ፤ በዋልካ ላይ መዘግየት ደግሞ መቅረት ነው። ጎማዎቹ እስከ ግማሻቸው ገቡ። በግራችን በኩል የማሳ ውኃ መውረጃ ቦይ ነበር፤ ከግራ ጎማችን የራቀው ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው።

መላው ቀላል ነበር። ሁለቱ ትራክተሮች አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ተሰልፈው፣ ገመዱን ቀጣጥለው ቢጎትቱን ሻይ ሳይቀዘቅዝ እንወጣ ነበር። ነገር ግን ከፊት የሚሆነው ሰው ለአማቹ ጀርባውን ሊሰጥ ነው፤ ጀርባውን ብቻ ሳይሆን ጭሱንም ጭምር። አባቴ እርስዎ ይቅደሙ አለ። አማቴ በሞቴ፣ ለእርስዎማ ጀርባዬን አልሰጥም አሉ። አባቴ ታዲያ እኔ ለእርስዎ ልሰጥ ነው ወይ አለ። ይህን ሲባባሉ ደመናው ተጠጋ። በመጨረሻም ማንም ከማንም እንዳይቀድም ጎን ለጎን ሆነው፣ በየራሳቸው ገመድ ሊጎትቱን ተስማሙ። አባቴም ተሳቢውን ፈትቶ መንገድ ዳር አቆመው።

ጎን ለጎን መሆኑም መከባበር አለበት። አባቴ አማቴን እንዳያጣብብ ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለ። አማቴ ይህን አይተው ኧረ ምን ሲደረግ ብለው ወደ ግራ ፈቀቅ አሉ። አባቴ እንደገና ፈቀቅ አለ። ሲፈቃቀቁ፣ ሲፈቃቀቁ የአማቴ ትራክተር ፊቱን ወደ ፋው፣ የአባቴ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር አዞረ። ወደ ገዳሪፍ የሚያይ ትራክተር አልቀረም። ገመዶቹ ከመኪናችን አፍንጫ ተነሥተው ግራና ቀኝ ተዘረጉ።

የመማሪያ መጽሐፋችን ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ሳንዱቅ በሁለት ገመድ ሲጎትቱ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ተማሪዎቼን ለሦስት ሳምንት ያንን ሥዕል አሥዬአቸዋለሁ። የእያንዳንዱን ጉልበት በቀስት ሥለን፣ ቀስቱን ወደ ፊትና ወደ ጎን ከፍለን፣ ወደ ፊቱን ከወደ ፊቱ፣ ወደ ጎኑን ከወደ ጎኑ እንደምራለን። አሁን ሲገባኝ በመጽሐፉ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች አይተዋወቁም፤ ሳንዱቁ እሺ የሚላቸው ለዚህ ነው።

ያስተማርኩት ነገር እዚያ በዓይኔ ፊት በገመድ ተሥሎ ሳየው ዝም ማለት አቃተኝ። ለመናገር ባልችል ለመለካት ማን ይከለክለኛል? እጄን በመስኮት አውጥቼ ክንዴን ዘረጋሁ። ክንድ ተዘርግቶ የሚታይ አንድ ስንዝር፣ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት፣ ሃያ ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህንንም ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ከግራው ገመድ ጀምሬ በአየር ላይ ስንዝር መቁጠር ያዝኩ። ተሳቢው ላይ የነበሩት ሴቶች ሂና የተቀባ እጄ ወዲያና ወዲህ ሲል አይተው ሙሽራዋ ሰላም አለችን ብለው እልልታውን አቀለጡት። እኔ አራት፣ አምስት፣ ስድስት እያልኩ ነው። ስድስት ስንዝር፣ መቶ ሃያ ዲግሪ።

ከመንገዱ መሀል እያንዳንዱ ገመድ ስልሳ ዲግሪ ርቋል ማለት ነው። የስልሳ ኮሳይን ግማሽ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትራክተር ወደ ገዳሪፍ የሚሠራው ግማሽ ጉልበቱ ብቻ ነው። ሁለት ግማሽ አንድ ነው። የስልሳ ሳይን ደግሞ ከመቶው ሰማንያ ሰባት ገደማ ነው፤ ይሄኛው ወደ ጎን የሚሄደው ሲሆን፣ አማቴ ወደ ግራ፣ አባቴ ወደ ቀኝ ሆነው እርስ በርስ ይጨራረሱታል። ሁለት ትራክተር፣ ሁለት በርሜል ናፍጣ፣ ሁለት የተከበሩ አባቶች ተባብረው የአንድ ትራክተር ሥራ ሊሠሩ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃምሳው ሰው በየፊናው ቢሄድ ሎሚው የት እንደሚደርስ ግን ተረቱ አይናገርም።

ጎተቱ። ሞተሮቹ ጮኹ፣ ጭሱ ወጣ፣ ገመዶቹ ተወጠሩ። ቦክሲያችን እንደ ተኛ በሬ አንዴ ተንፈስ ብላ ተመልሳ ተኛች። ሁለቱም ወርደው ተያዩና በደግነት ተጽናኑ፤ የእርስዎ ጉልበት አይደለም፣ ጭቃው ነው ተባባሉ።

ለአክስቴ በጆሮዋ አንግሉን ቢያጠቡት እንወጣለን አልኳት። አክስቴ ሶቅ፣ ገበያው ውስጥ፣ ቅመም እየሸጠች ያሳደገችኝ፣ ፖሊስ የማይደፍራት ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን የተከናነበችውን ቶቧን እስከ አፏ ስባ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ እናትሽ ምን አለችኝ ብላ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። በዚህ በኩል በሩ ተዘጋ። ፊቴን ወደ ሙሽራው አዞርኩ።

ባለቤቴ መልካም ሰው ነው። አባቱን ግን ይፈራል፤ አሁንም አባቱ ሲያስሉ ሲጋራ ባይዝም እጁን ይደብቃል። አቡይ እኔን አይሰማኝም አለኝ፤ በልጅነቱ ካፉ የገባ የዓረብኛ አቡይ ነው፣ አባቴ ማለቱ። ከራስህ ያመጣኸው አስመስለህ ንገራቸው አልኩት። ገመዶቹ ይርዘሙ፣ ትራክተሮቹ ይጠጋጉ፤ ሌላ ምንም አትበል። አዲሱን ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ወረደ። ሄዶ ተናገረ። ተመልሶ መጣ። "ለምን ይላሉ" አለኝ። ምክንያቱን ነገርኩት። ሄደ። ተመለሰ። "ወደ ጎን የሚባክነው የቱ ነው ይላሉ" አለኝ። ነገርኩት። ሦስተኛው ላይ ጭቃው ጉልበቱ ደርሷል፤ የያዘው ጥያቄም ኮሳይን የሚል ቃል ስለነበረበት መንገድ ላይ ጠፍቶበታል። አማቴ ልጃቸው ባዶ አፉን ሲቆም አይተው እሱን ተከትለው መስኮታችን ድረስ መጡ።

"ይሄን የሚልከው ማነው?" አሉ።

አክስቴ ቶቧን ዓይኗ ላይ ጣለች። ባለቤቴ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔም አጎንብሼ ዝም ማለት እችል ነበር፤ ሰርጉ ተላልፎም ቢሆን ጨዋ ሆኜ እኖር ነበር። የከበደኝ የፍልሰታው መግባት አይደለም። ያንን ሥዕል ለሦስት ሳምንት ያሣልኳቸው ልጆች ዓይኔ ላይ መጡ። የማስተምረው ነገር አንዴ እንኳን በሚያስፈልግበት ቦታ ዝም ካልኩበት፣ ለእነሱ ተናገሩ ማለቱ ምን ያደርግልኛል ብዬ አሰብኩ። ዓይነ ርግቤን ገልጬ፣ "እኔ ነኝ አባባ" አልኩ።

በቀስት አላስረዳኋቸውም። እርስዎ ወደ ፋው ሲጎትቱ አባቴ ይመልስዎታል፤ እሱ ወደ ድንበሩ ሲጎትት እርስዎ ይመልሱታል፤ ለእኛ የሚተርፈው ከየጉልበታችሁ ግማሽ ነው አልኳቸው። ገመዱ ከረዘመ ተጠጋግታችሁ መቆም ትችላላችሁ፤ ማንም ለማንም ጀርባ አይሰጥም፤ ጉልበታችሁም ሁሉ ከሞላ ጎደል ወደ ፊት ይሆናል አልኩ። አማቴ ፊታቸው አልተፈታም፤ አልተቆጡምም። እጄን አዩ፣ ገመዱን አዩ፣ ወደ ትራክተራቸው ሄዱ። አክስቴ በቶቧ ውስጥ ሆና፣ በቃ ጠመኔሽን ለጎረቤት ስጪው አለችኝ።

ገመዶቹን ቀጣጥለው አስረዘሙ። ትራክተሮቹ ሁለት እርምጃ ያህል ብቻ ተራርቀው፣ ሁለቱም ወደ ገዳሪፍ አፍጥጠው ቆሙ። በስንዝር ለካሁ፤ አንድ ስንዝር ተኩል፣ ሠላሳ ዲግሪ ሆነ። ከመሀል በየበኩሉ አስራ አምስት ማለት ነው። የአስራ አምስት ኮሳይን ከመቶው ዘጠና ሰባት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ልቤ ሞቀ። ጎተቱ፤ ቦክሲዋ ከጭቃው ስትላቀቅ የሰማሁት ድምፅ የሰርጌ ሙዚቃ ነው እላለሁ።

ግን ወደ ፊት ብቻ አልሄደችም። በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ ግራ ትሄዳለች፤ ወደ ቦዩ። ሾፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ቢጠመዝዝም ጎማው ዋልካው ላይ ይንሸራተታል። የግራው ጎማ ቦዩ አፍ ላይ ሲደርስ አጃቢው ሁሉ ተው አለ፤ ትራክተሮቹም ቆሙ። አክስቴ ወደ እኔ ወድቃ ነበርና ከላዬ ሳትነሣ፣ ይሄውልሽ አለችኝ።

የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ያወቅኩት ወዲያው ነው፤ ሳውቀውም አፈርኩ። ሁለቱን ትራክተሮች እኩል አድርጌ ነበር ያሰላሁት። ሃያ አራትና አስራ ስምንት መሆናቸውን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ሒሳቤ ውስጥ ግን እኩያ ናቸው ብዬ አስገባኋቸው። ማን አዘዘኝ? በራሴ ልብ ውስጥ፣ ማንም በማይሰማበት ቦታ እንኳ አባቴን ላለማሳፈር ተጠነቀቅኩ። በሁለቱ ሽማግሌዎች ይሉኝታ ስስቅ ከቆየሁ በኋላ የእኔው ይሉኝታ ሁለት ዲግሪ ወደ ግራ ወሰደኝ። ሁለት ዲግሪ ምንም አይደለችም። ቦዩ በስንዝር ተኩል ሲርቅ ግን ብዙ ናት።

አማቴ ወደ መስኮቱ ተመለሱ። አሁን የሙሽራው ወገንም የሙሽራዋ ወገንም ተከትሏቸው መጣ። "አሁንስ፣ ልጄ?" አሉኝ።

መልሱ ቀላል ነበር። ጠንካራው ትራክተር ወደ መሀል ይጠጋ፣ ደካማው ራቅ ይበል፤ ያን ጊዜ የጎን ጉልበታቸው እኩል ሆኖ ይጣፋል። ግን የቱ ነው ደካማው? ይህን ለመናገር አባቴን በሰርጌ ቀን፣ በአማቾቹና በጎረቤቶቹ ፊት፣ ለስንት ዓመት ከጠበቃት ነገር ላይ ላወርደው ነው። አፌን ከፍቼ መልሼ ገጠምኩት። እንዳልናገር ያስማለችኝን እናቴን አላሰብኳትም። የአባቴ ፊት ብቻ ነበር የሚታየኝ።

አባቴ ከሰዎቹ ኋላ ቆሟል። ሳልናገር ሲያየኝ ምን እንደያዘኝ አወቀ። እሱ ሳይንም ኮሳይንም አያውቅም፤ እኔን ግን ያውቀኛል። ሰዎቹን ገፋ ገፋ አድርጎ መጣና፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣

"የእኔዋ አስራ ስምንት ናት" አለ። "ስድስቱ ጥገና ላይ አይደሉም። አትችላቸውም።"

አማቴ ደንገጥ ብለው፣ ኧረ የእኔዋም ብትሆን ከዓምና ጀምሮ ትተነፍሳለች ማለት ጀምረው ነበር። አባቴ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። "ተዪ አትፍሪ፣ ንገሪያቸው" አለኝ። ያን ጊዜ ያንን ሰው የወደድኩትን ያህል በሕይወቴ ማንንም አልወደድኩም። ከዚያ ነገርኳቸው። የአማቴ አስራ አምስት ዲግሪ ላይ ትቁም፣ የአባቴ ሃያ ላይ፤ ሃያ አራት በአስራ አምስት ሳይን፣ አስራ ስምንት በሃያ ሳይን ሲባዛ ሁለቱም ስድስት ከምናምን ይመጣሉ። ይህን የመጨረሻውን የሰማኝ የለም፤ ሁሉም የሰማው ማን ወዴት ፈቀቅ እንደሚል ነው። አባቴ ትራክተሩን አንድ እርምጃ ወደ ውጭ አራቀ። ጎተቱ። ቦክሲዋ እንደ ክር ቀጥ ብላ ወጣች፤ መከላከያ ብረቷ ብቻ ትንሽ ጎበጠ።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቄሱ ሰዓታቸውን እያዩ በር ላይ ቆመዋል። የሙሽራውን ሱሪ አዩ፣ የእኔን ቀሚስ ጫፍ አዩ፣ ምንም ሳይጠይቁ ጸሎቱን ጀመሩ።

ድግሱ ላይ አማቴ ታሪኩን እንደሚከተለው አወሩት፦ ትራክተሮቹ ተራርቀው እንደነበር አየሁ፤ ገመዱን አስረዝሙ አልኩ፤ እኔ ወደ መሀል ገባሁ። ስለ አባቴ ዲስኮች አንዲት ቃል አላነሡም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። ስለ እኔም አላነሡም፤ ለዚህ ደግሞ አክስቴ እስከ ዛሬ አልማረቻቸውም። ተነሥታ ልትናገር ስትል በተራዬ ጉልበቷን ቆነጠጥኳት።

ከዚያ በኋላ የጫጉላው ሦስት ሳምንት ነበር። በቤቱ ውስጥ ስለ ትምህርት ቤት የሚያነሣ ሰው ጠፋ። እናቴ በአክስቴ በኩል በአፍሽ ሰበርሽው የሚል መልእክት ላከችብኝ። አማቴ ጠዋት ጠዋት እግዚአብሔር ይመስገን ካሉኝ በኋላ ወደ ትራክተራቸው ይሄዳሉ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ተማሪዎቼ ከሌላ አስተማሪ ጋር ታሪክ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ እየተማሩ እንደሆነ ሰማሁ። ሲከፋኝ ደብተር አውጥቼ ያንን የመጀመሪያውን አጎታተት በትክክለኛው ቁጥር አሰላሁት። ሃያ አራትና አስራ ስምንት በስልሳ ዲግሪ፦ ወደ ፊት አስራ ሁለትና ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ። ወደ ግራ የሚተርፈው አምስት ነጥብ ሁለት። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝቼ ደምሬ ሥሩን ሳወጣ ሃያ አንድ ነጥብ ስድስት መጣ። አማቴ ብቻቸውን ቢጎትቱ ሃያ አራት ነበር። ሁለቱ አባቶች በመከባበራቸው ከአንዱ አንሰው ነበር ማለት ነው። ብቻዬን ስስቅ ባለቤቴ ሰምቶ መጣና አነበብኩለት። ለአቡይ እንዳትነግሪ ብሎ ደብተሩን ከፍራሹ ሥር ሸሸገው።

በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ማንንም ሳልጠይቅ ጠመኔና ማስመሪያዬን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ካልጠየቅኩ እምቢ የሚለኝ የለም ብዬ ነው። አማቴ የግቢው በር ላይ ዱካ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ፌስታሉን አዩት።

"የእኔ ስንት ነበር ያልሽው፣ ወደ መሀል የገባው?" አሉኝ።

አስራ አምስት አልኳቸው።

"የአባትሽስ?"

ሃያ አልኳቸው። ከዚያ እህል ገበያው ላይ አንድ ባለ ሎሪ ያንን የማጥበብ ዘዴህን አሳየኝ ብሎ እንደጠየቃቸው፣ እሳቸውም እንዳሳዩት፣ ሰውየው ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው ግን መልሱን አጥተው በሰው መሀል እንደቆሙ ነገሩኝ። ሲነግሩኝ አላዩኝም፤ የበሩን መወርወሪያ ነበር የሚያዩት።

"ልጆቹስ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?" አሉኝ።

"ገና ናቸው አባባ" አልኩ። "ያስተማራቸው የለም።"

ተነሡ። መወርወሪያውን ስበው በሩን ከፈቱልኝ።

"እንግዲያ ሂጂ" አሉ። "እነሱ እንደ እኔ ሰው ፊት እንዳያፍሩ። ማታ ለእኔም ትደግሚልኛለሽ።"